ግድግዳው የሚበላሸው በመስከረም ነው
(መሐል ሜዳ ላይ ለሆቴል ባለቤቶች፣ ለግንበኞችና ለከተማው ነዋሪ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



የውኃ ጉዳት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ጎርፍ ይሄዳል። አይፈረድም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲጠርግ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን ዝናብ ሰው ሞቷል፣ ንብረት ወድሟል። የእኛ ነገር ግን ለየት ይላል። መንዝና ግሼ ከፍታ ላይ የተቀመጡ አገሮች ናቸው፤ ጎርፍ ከእኛ ተነሥቶ ወደ ጀማና ወደ አዋሽ ይወርዳል እንጂ ከሌላ ቦታ አይመጣብንም። የመሐል ሜዳን፣ የሞላሌን፣ የዘመሮን፣ የራቤልን ሆቴል የሚጨርሰው ሲመጣ ድምፅ የሌለው ውኃ ነው። በሚስማር ቀዳዳ ይገባል፣ ከግድግዳ ሥር ሽቅብ ይሳባል፣ ከላይኛው ፎቅ ሻወር ቤት ወደ ታችኛው ኮርኒስ ይሰርጋል።

እኔ የሕንፃ ሰው ነኝ፤ ዛሬ የመጣሁት በአንድ ነገር ልሞግታችሁ ነው። ውኃው የሚገባው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ቤቱን የምናበላሸው ግን እኛው ነን፣ ያውም በጳጉሜንና በመስከረም፣ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል እንግዳ ክፍል ለማድረስ ስንጣደፍ። ይህን ካሳመንኳችሁ የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው።

በመጀመሪያ የሚዘንብብንን እንወቀው። በመንዙ ጓሳ ላይ በዓመት ከ1,200 እስከ 1,600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። በዝናቧ የምትታማው ለንደን በዓመት የምታገኘው ወደ 600 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የለንደን ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ ሲያካፋ የእኛ ግን ከበልጉ በቀር አብዛኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ተጠቅልሎ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 15 ሜትር የሆነ የሆቴል ጣራ 300 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል በዚያ ጣራ ላይ ያረፈው 12,000 ሊትር ነው፤ ትልቁ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚወርደው በሁለት ቀጫጭን ቱቦ ነው፤ አንዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቅጠልና በወፍ ጎጆ የተደፈነ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ዝናብ ቤት መሥራት ያውቁበት ነበር። ድሮን ሁሉ ማወደስ ልማዴ አይደለም፤ የድሮው ቤት ጨለማ ነበር፣ ጢሱም ዓይን ያጠፋ ነበር። ነገር ግን የመንዝን የድንጋይ ቤት እዩት። እንጨት ብርቅ ስለሆነ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱም ክንድ ያልፋል። ጣራው ሹል ነው፤ ሣር ውኃን የሚያሳልፈው በማንሸራተት ስለሆነ ቁልቁለቱ ጠንከር ማለት አለበት። ክፍክፉ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ስለሚወጣ ጠፈጠፉ የሚያርፈው ከቤቱ እግር ርቆ ነው። የምድጃው ጢስ ክዳኑን ከውስጥ እያደረቀ ከሻጋታና ከተባይ ይጠብቀዋል። የጓሳ ሣር ደግሞ በደንብ ሲከደን ብዙ ዓመት የሚያገለግል መሆኑን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ለዛሬው ጉዳይ ከክዳኑም በላይ የሚጠቅመን የሣሩ አያያዝ ነው። አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ፣ ጓሳ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ አባ ቄራ በሚባል አለቃ መሪነት ሲጠበቅ ኖሯል። አንዳንድ ጊዜ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ዝግ ሆኖ ይቆይና ሲከፈት በደረቁ ወራት ሣሩ ይታጨዳል፤ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል፤ ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የሚመጣ እንግዳም ከዚያው ከማኅበረሰቡ ሎጅ ያድራል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። የጣራ ሥራ ወቅት ነበረው። በመስከረም እርጥብ ሣር አጭዶ ቤት የሚከድን ሰው መንዝ ውስጥ ቢታይ አበደ ይባል ነበር። በመስከረም እርጥብ ብሎኬት ላይ ዘይት ቀለም የሚቀባውን ግን ጎበዝ ሠራተኛ እንለዋለን።

አሁን ወደ ዛሬው ሆቴል እንምጣ። ከተማ ሲያድግ ሁሉም ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ የሚታይ ሕንፃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቆርቆሮው ከመንገድ እንዳይታይ ዙሪያውን ፓራፔት የሚባል ከጣራው በላይ የሚወጣ ግንብ ይገነባል፣ ክፍክፍ ይቀራል፣ አሸንዳው ከፓራፔቱ ኋላ በውስጥ በኩል ይቀበራል። ይህ አሠራር ዝናብና በረዶ ለማያውቅ አገር ይሁን። ለመንዝ አይሆንም፤ ምክንያቱ ደግሞ በረዶ ነው።

ይህን ቀረብ ብለን እንየው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ በረዶ ይወርዳል። ከቆርቆሮው ላይ እየተንሸራተተ መጨረሻው ያ የተደበቀ አሸንዳ ነው። ፍሬው ተጠቅጥቆ አሸንዳውን ይሞላል፤ የቱቦውን አፍ ይደፍናል። በረዶውን ተከትሎ ዝናብ ይመጣል፣ ውኃውም መውጫ ያጣል። አሸንዳው ውስጥ ጣት በጣት እየተነሣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር ከተያያዘበት ላሜራ በላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ከዚያ በፓራፔቱ ውስጠኛ ገጽ ይወርድና ኮርኒሱ ላይ ይተኛል። እንግዳው ማታ ሲገባ ምንም አያይም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የኮርኒሱ ችፑድ ውኃውን ጠጥቶ ይከብድና በአልጋው ላይ ይወርዳል። ባለቤቱ ጠዋት ሠራተኛ ወደ ጣራ ሲሰድ በረዶው ቀልጦ አልቋል፣ አሸንዳው ባዶ ነው፣ ቆርቆሮው አንድም ቀዳዳ የለውም። «ጣራው ደኅና ነው፣ ከየት እንደመጣ እንጃ» ተብሎ ችፑዱ ብቻ ይቀየራል። በቀጣዩ ክረምት እንደገና።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ፓራፔቱን ከአሸንዳው ከንፈር ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ወደ ውጭ ብሱት፤ ዋናው ቱቦ ሲደፈን ውኃው በዚያ ወደ መንገድ ይተፋል። ለአላፊ አግዳሚው ደስ አይልም፤ ነገር ግን ውኃ ወደ ውጭ ሲተፋ ቱቦው መደፈኑን ይነግራችኋል። ባለ 75 ሚሊ ሜትሩን ቱቦ በባለ 110 ቀይሩት። አዲስ የምትሠሩ ደግሞ ፓራፔቱን ተዉት፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ወጣ ይበል፣ አሸንዳው በውጭ ይንጠልጠል። ያምራል አያምርም የሚለውን ክርክር ከሚፈስ ኮርኒስ ሥር ሆነን ብንቀጥለው ቶሎ የሚያልቅ ይመስለኛል።

ስለ ቆርቆሮው ራሱ ጥቂት ልበል። ጌጁ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 32 ከባለ 28 የሳሳ ነው፣ በረዶም ቶሎ ያጎደጉደዋል። ሚስማሩ በጉብታው ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይመታ። የሚስማሩ ጎማ የደጋ ፀሐይ ሲያገኘው በጥቂት ዓመት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ጣራው ያለ ቀዳዳ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በግንቦት አንድ ሰው ሚስማር በሚስማር እየዳሰሰ ጎማውን ቢለውጥ የሚያወጣው ወጪ ከአንድ ፍራሽ ዋጋ አይበልጥም።

ሆቴል ውስጥ ጎርፍ የሚመጣው ሁልጊዜ ከሰማይ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን አንዱ ትልቅ ጠላት የተከፈተ ቧንቧ ነው። እንግዳው ማታ ይከፍታል፤ ውኃ የለም። ሳይዘጋ ይተኛል፣ ወይም ቁልፉን መልሶ ይሄዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃ ይመጣል። የመታጠቢያው ፍሳሽ በሳሙና ቁራጭ ተደፍኖ ከሆነ ውኃው በኮሪደሩ ወርዶ ምግብ ቤቱን እስኪያጥለቀልቅ የሚያየው የለም። ከሮቶው ላይም እንዲሁ፤ ውኃ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ከተጣበቀ ሌሊቱን ሙሉ በጣራው ላይ ይፈሳል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝጊያ ባልቦላ ይኑረው፤ እንግዳ ሲወጣ አልጋ አንጣፊዋ ከሁሉ አስቀድማ ቧንቧውን ትይ። ይህን ለማለት መሐንዲስ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ካየኋቸው የወለል ጥፋቶች ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ስለሆኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መሬቱስ? ሜዳማው የመንዝ መሬት ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲያብጥ ወለል ያነሣል፣ ሲሰነጠቅ የተቀበረ ቱቦ ይሰብራል። የተሰበረው ቱቦ ደግሞ መሠረቱን ያጠጣል። ዋልካን ማጠንፈፍ ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻም። ጎረቤታችን እነዋሪ ላይ ገበሬው ቤተሰቡን አሰልፎ ማሳውን በእጅ እያነሣ ሰፊ መደብ ያወጣል፣ በመሐል ቦይ ይተዋል፤ እህሉ ከውኃ በላይ ይቆማል። ኢልካ የተባለው የምርምር ማዕከል በ1970ዎቹ መጨረሻ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሲሠራ መነሻው ይህ ልማድ ነበር። የእርሻው ብልሃት ለቤቱም ያው ነው፤ ቤቱ ከፍ ይበል፣ ውኃው በቦይ ይሂድ። ውኃ ልኩን ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር አውጡት። በግድግዳው ዙሪያ ወርዱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይ ንጣፍ አድርጉ፤ ከጫፉ ቦይ ይኑር። ብዙ ሆቴሎች ላይ ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር ሆኖ የሚታየው የጠፈጠፍ ፍንጣሪ ነው፤ በንጣፍና በአሸንዳ ይጠፋል፣ በቀለም አይጠፋም።

ገደል አፋፍ ላይ ለምትሠሩ አንድ ቃል ብቻ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ክረምቱ ሲወጣ በጣርማ በር ወረዳ ይዛባ ወይን አካባቢ መሬቱ ተንሸራቶ ቤት ፈርሷል፣ እርሻ ተበልቷል፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። ውኃ የጠገበ ተዳፋት ምን እንደሚያደርግ ከዚያ አይተናል። የጣራችሁን ውኃና የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ለዕይታ ብላችሁ በመረጣችሁት አፋፍ ላይ አታስርጉት።

እንግዲህ ጥፋቱ ደርሷል እንበል። ክፍሉ ውስጥ ውኃ ቆሟል። መጀመሪያ የሚጠፋው መብራት ነው፤ ያውም በክፍሉ ማጥፊያ ሳይሆን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ዋናው ብሬከር፣ በደረቅ ቦታ ቆማችሁ። ብሬከሩ ራሱ ውኃ ውስጥ ከሆነ አትንኩት፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይምጣ። ቀጥሎ ፎቶ አንሡ። የእሳት መድን ብዙ ጊዜ በራሱ ጎርፍን አይሸፍንም፤ በውላችሁ ውስጥ ተጨማሪ አንቀጽ መኖሩን ዛሬውኑ እዩ፣ ካለም ፎቶ የሌለው ክርክር ይረዝማል። ከዚያ ውኃው ከየት እንደመጣ ለዩ። ከቧንቧ የመጣ ንጹሕ ውኃ አንድ ነገር ነው። በጣራ የገባ ሌላ ነው። ከሽንት ቤት ጉድጓድ የተመለሰ፣ ወይም በመንገድ ላይ ተንከባሎ የገባ ጎርፍ ግን መርዝ ነው፤ በአተት ወቅት ደግሞ ጨርሶ አይቀለድበትም። ይህ ሦስተኛው የነካው ስፖንጅ ፍራሽ፣ ትራስና ችፑድ ይጣላል። የሱፍ ባናም ሆነ ብርድ ልብስ ግን በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይድናል። ሱፍ ከክብደቱ ሢሶ የሚሆን እርጥበት ይዞ ሲዳሰስ ደረቅ መስሎ ይታያልና ተጣጥፎ ወደ ቁም ሣጥን ከመግባቱ በፊት ብዙ ቀን ይናፈስ።

ወለሉና ግድግዳው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ጭቃ ላይ የፈሰሰ በረኪና ሥራ አይሠራም። ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በርዛችሁ አብሱት። አደራ የምላችሁ፣ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትሠራ ልጅ ልትሞት ትችላለች።

ሻጋታ እርጥብ ነገር ላይ ለመብቀል አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ ፍራሹ በዚያው ቀን ይውጣ፤ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ይራቅ፤ ውኃ የጠጣው ኮርኒስ ይፍረስ። ማፍረስ የሚያሳዝን ቢሆንም በእርጥብ ኮርኒስ ላይ ያለ አየር በፍጹም አይደርቅም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ማድረቅ። እዚህ ላይ የመንዝ ክረምት ብልጥ የሆነ ባላጋራ ነው። ሁሉም ሰው ክፍል ሲርስ መስኮት ይከፍታል። ጉም በወረደበት ቀን ግን መስኮት መክፈት ብቻውን ምንም አያደርቅም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። አየር የሚሸከመው እርጥበት በሙቀቱ ልክ ነው። በ10 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 9 ግራም ገደማ ውኃ በእንፋሎት ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ 17 ግራም ገደማ፤ በ30 ዲግሪ 30 ግራም። የነሐሴ ጉም በ10 ዲግሪ ጠግቦ የገባ አየር ነው፤ ከግድግዳችሁ ለመቀበል ባዶ ቦታ የለውም። ያንኑ አየር ክፍሉ ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ ብታሞቁት ግን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 8 ግራም ያህል ሊቀበል ይችላል። ከዚያ ታስወጡትና አዲስ ታስገባላችሁ።

አንድ ተራ ክፍል 45 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል እንበል። አንድ ጊዜ ሞልቶ ሲወጣ ቢበዛ 360 ግራም ውኃ ይወስዳል፤ ከግማሽ ሊትር ያነሰ። ልስኑና ብሎኬቱ 20 ሊትር ውኃ ከጠጡ አየሩ ከ55 ጊዜ በላይ ሞቆ መውጣት አለበት፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፣ ምክንያቱም አየሩ ሁልጊዜ ሞልቶ አይወጣም። ስለዚህ ሥራው ይህ ነው፦ መስኮት ዝጉ፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አሙቁ፣ ቬንቲሌተር ወደ ግድግዳው አዙሩ፣ ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉንም ከፍታችሁ አናፍሱ፣ ዝጉ፣ እንደገና አሙቁ። ፀሐይ ብልጭ ያለች ቀን መስኮቱ ክፍት ይዋል። ከአዲስ አበባ እርጥበት መጭመቂያ ማሽን ልግዛ የሚል ካለ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቅ፤ እንደ ፍሪጅ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ከ15 ዲግሪ በታች አቅሙ እጅግ ይወርዳል።

ከሰል ግን አይግባ። ክፍል ለማድረቅ ማንደጃ ለኩሶ በር ዘግቶ መተው፣ ይባስ ብሎም ሠራተኛ እዚያው ማሳደር፣ በየደጋው ከተማ የሚደረግ ነው። የከሰል ጭስ የሚገድለው ሳይሸት፣ ዓይን ሳያቃጥል ነው። ቡታጋዝም ሲነድ ራሱ እንፋሎት ያወጣል፤ ያደረቃችሁ እየመሰላችሁ ክፍሉን ታጠጡታላችሁ።

አሁን ስለ መስከረም። ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ አንዲት የሆቴል ባለቤት አሉ፤ እንግዳ አክባሪ፣ ቤታቸውን የሚወዱ ሴት። በክረምት ጥግ ላይ ያለ አንድ ክፍላቸው ውኃ ገባው። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን በመዳፉ ዳስሶ፣ «እትዬ፣ ይኼ ገና እርጥብ ነው፤ ትንሽ ይቆይ» ሲላቸው ሰማሁ። «አንተ ልጅ፣ የመስቀል እንግዳ መንገድ ላይ ነው፤ ዘይት ቀለም አድርግበትና ይሸፈንልኝ» አሉት። ተሸፈነ፣ አማረም። በታኅሣሥ ወደ ዘብር ገብርኤል የሚሄድ እንግዳ ሲያድርበት ቀለሙ አብጦ፣ በጥፍር ሲነካ እየረገፈ፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይታይ ነበር። ያ ዱቄት ጨው ነው። ውኃ ከድንጋዩ፣ ከሲሚንቶውና ከአፈሩ ጨው አሟሙቶ ይዞ ወደ ገጹ ይወጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው እየተጠራቀመ ልስኑን ይገፋዋል። ዘይት ቀለም ሲደፍነው ውኃው መውጫ ያጣና ጨው ከቀለሙ ኋላ ይከማቻል። በዚያ ላይ የታኅሣሥ ውርጭ በውጭው ገጽ የቀረውን እርጥበት ወደ በረዶ ሲለውጠው ልስኑን ይሰነጥቀዋል። እትዬ በቀጣዩ መስከረም አስፍቀው እንደገና አስቀቡ። በሚቀጥለውም። ክፍሉን ያፈሰሰው ክረምት አንድ ጊዜ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ያስከፈላቸው መስከረም ነው።

ግንበኞች የሚሠሩበት አንድ ግምት አለ፤ የግንብ ውፍረት በየ2 ሳንቲ ሜትር ተኩሉ ለመድረቅ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሁለት ወገን ሲደርቅ አራት ወር ማለት ነው። ከመስከረም መጨረሻ ቆጥራችሁ ስትሄዱ ጥር ላይ ትደርሳላችሁ። ደግነቱ የጥቅምትና የኅዳር አየራችን ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ማንም ማሽን የማይሠራውን በነጻ ይሠራላችኋል፣ ግድግዳውን እርቃኑን ከተዋችሁለት። የተነፋውን ልስን አስወድቁ፣ ጨውን በደረቅ ቡሩሽ ጥረጉ እንጂ በውኃ አትጠቡ፣ ክፍሉን እስከ ጥር መጨረሻ አቆዩት። ከዚያ በኖራና በአሸዋ ለስኑት፤ ኖራ እርጥበት ያሳልፋል፣ ንጹሕ ሲሚንቶ ግን ያፍናል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ አልቸገረንም፤ የጀማ ሸለቆ ግድግዳ በከፊል እሱው ነው፣ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካም እዚያ አፋፍ ላይ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም።

ማድረቅን ማዘግየት የድሃ አገር ምክር የሚመስለው ካለ የፍሎረንስን ነገር ይስማ። በኅዳር 1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አርኖ ወንዝ ያቺን የጣሊያን ከተማ ሲያጥለቀልቃት ከ13ኛው መቶ ዘመን የተረፈ የሠዓሊው የቺማቡዌ ትልቅ የእንጨት ስቅለት ውኃ ውስጥ ገባ። ሀብታም አገር ነው፤ ማሞቂያ አልጠፋም። ባለሙያዎቹ ግን እንጨቱ በፍጥነት ቢደርቅ ተሰንጥቆ ሥዕሉን እንደሚጥል ስለሚያውቁ በመጀመሪያ እጅግ እርጥብ አየር ባለበት ቤት አስገብተው እርጥበቱን በጥቂት በጥቂቱ ቀነሱለት። ጥገናው የተጠናቀቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የጽድ በርና የባሕር ዛፍ ወለል ያላችሁም በቀጥታ እሳት አጠገብ አታስጠጉት፤ ይጣመማል።

መርሐቤቴ ለሚኖሩ ትንሽ ልለይ። ዓለም ከተማ ከመሐል ሜዳ ዝቅ ያለች፣ የጀማ ሙቀት የሚያገኛት ናት፤ ግድግዳ ከእኛ ቶሎ ይደርቃል፣ ውርጩም አይከብድም። በአንጻሩ ሙቀት ከእርጥበት ጋር ለሻጋታ ይመቻል። ስለዚህ እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማጣት ከእኛ ይልቅ ያስከፍላል፤ ቀለም መቀባቱ ግን ከገና በፊት ሊደርስ ይችላል።

«ክፍል አራት ወር ዘግቼ ምን ልብላ?» የሚለው ጥያቄ ከፊት ወንበር ሲንሾካሾክ ሰምቻለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዝጉ አላልኩም። ክፍሉ ደርቆ ሻጋታ እስከሌለው ድረስ ልስኑ የተፈቀፈቀ ግድግዳ እንግዳ አይገድልም፤ በቅናሽ አከራዩት፣ ወይም የአንሶላ ማስቀመጫ አድርጉትና ደረቁን መጋዘን አልጋ አስገቡበት። የእያንዳንዱን ወር ሥራ ግን አትለዋውጡ፦ ግንቦት ለጣራና ለአሸንዳ፣ ክረምቱ ለጠፈጠፍና ለቦይ ጥበቃ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ለማድረቅ፣ ከጥር በኋላ ለልስንና ለቀለም።

መድረቁን በመዳፍ አትመኑ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተዉት። ስትልጡት ጠብታው በግድግዳው ወገን ካለ ውኃው ገና ከውስጥ እየወጣ ነው፤ ቀለሙን ወደ መጋዘን መልሱ። ጠብታው በክፍሉ ወገን ከሆነ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው፣ አናፍሱት። ሁለቱም ወገን ደረቅ ከሆነ ቀቢውን ጥሩት። ላስቲኩንና ፕላስተሩን ለማሳያ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከዚህ አዳራሽ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ላይ አሁን አብረን እንለጥፈዋለን፣ ነገ በዚህ ሰዓት መጥቶ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።